ከአባ ቃል ፊት ዜሮ

ሠርኬ ሰባተኛ ሰፈር፣ ጃፋር ሱቅ ውስጥ ቆማ ኮምፒውተሩን ስታይ ዓይኗ ፈጠጠ።

«ይኼ ሁሉ ዜሮ ምንድነው?»

ጃፋር ሞባይል ይጠግናል፣ ፕሮግራም መጻፍም ያውቃል። የአባ ኪዳነወልድን ትረካ ፍላሽ ላይ እየጫነላት ነበር። አባ በራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ሲያስተምሩ የአንድ መናኝ ታሪክ ከተጸነሰበት እስኪያርፍ ድረስ አጭር አጭር አድርገው ተርከዋል፤ ከመቶ በላይ ክፍል ሆኗል። ሠርኬ አንድም ሳታስቀር በስልኳ ቀድታዋለች። አሁን ፋይሉ ዜሮ ዜሮ አንድ፣ ዜሮ ዜሮ ሁለት እያለ ተደርድሯል።

«ፕሮግራሙ ነው የሚሞላው እትዬ። እንዲህ የሆነው...»

«ከአባ ቃል ፊት ዜሮ? ዜሮ የሰነፍ ተማሪ ውጤት ነው! አንሳልኝ!»

ደንበኛ ተኮልኩሏል፣ እሷም ክርክር ከጀመረች በቀላሉ የምትለቅ አይደለችም። ጃፋር ሳቀና ዜሮዎቹን አነሳ።

ፍላሹ ለጎረቤቷ ለአመተ ሥላሴ ነው። የአመተ ሥላሴ ዓይን ከደከመ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን መሳም እንኳ ቸግሯታል። በማግስቱ ደግሞ ልጇ ቡታጅራ ሊወስዳት ነው። እዚያ አባ የሉ፣ ሠርኬም የለች። ከዚህ የተሻለ ስንቅ ከየት ይመጣል?

ሠርኬ ፍላሹን አመተ ሥላሴ ማጫወቻ ላይ ሰክታላት ተመለሰች። ከሰዓት በኋላ ስልኳ ጮኸ፤ አመተ ሥላሴ ናት።

«ሠርኬ፣ ይኼ ሰውዬ መቼ ነው ያደገው?»

«የቱ ሰውዬ?»

«መናኙ ነዋ! እናቱ አርግዛ ነበር፣ ከዚያ ፊደል ቆጠረ። እሺ ብዬ ዝም ስል ሸበተ፣ ቀበሩት! አልቅሼ ሳልጨርስ ተመልሶ ልጅ ሆኖ ወተት ደፋ! እኔ ነኝ የጃጀሁት ወይስ አባ?»

ሠርኬ ሳቋ አመለጣት፤ ግን ደነገጠች። ነገ ሄደች ማለት ነው፤ ቡታጅራ ማን ያስተካክልላታል? ነጠላዋን ጣል አድርጋ ፍላሹን ከአመተ ሥላሴ ተቀበለችና በተሸካሚና በታክሲ መሃል እየተጋፋች ጃፋር ጋ ደረሰች።

«ጃፋርዬ፣ መናኙን ቀብረን አስነሳነው እኮ!»

ጃፋር ነገሩ ወዲያው ገባው። «ማጫወቻው እንደ እርስዎ አይቆጥርም እትዬ። ስሙን ከፊት ጀምሮ እያየ ነው የሚያሰልፈው። በአንድ የሚጀምረውን ሁሉ ይሰበስባል፤ አንድ፣ አስር፣ መቶ። ሁለት ተራው የሚደርሰው እነሱ ሲያልቁ ነው። ዜሮ ሲሞላበት ግን ሁሉም ሦስት አሃዝ ይሆናል፣ ሰልፉም አይዛነፍም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«መች አስጨረሱኝ!»

እናቱ ጀሚላ ከጓዳ በኩል ሳቀች። «ሠርኬ፣ የእኛ ኡስታዝ የሚያስተምሩት ደርስም ስልኬ ላይ በዜሮ ነው የሚጀምረው። እስካሁን ማንም ክፍል አልደገመም!»

«በል እሺ፣ መልሰው። ካስፈለገም ጨምርበት!»

«ሦስት አሃዝ ይበቃል።» አንዲት መስመር ጻፈ፤ ፋይሎቹ በአንድ ትንፋሽ ስማቸው ተለወጠ።

ጠዋት አመተ ሥላሴ ማጫወቻዋን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ መኪናው ውስጥ ተቀምጣለች። ሠርኬ ከሌሊቱ ጀምሮ ያዘጋጀችውን የስንብት ቃል ልትናገር በመስኮቱ ጎንበስ አለች። ዕንባዋም ቀርቧል።

«አመቴ፣ እንግዲህ እግዚአብሔር...»

አመተ ሥላሴ እጇን አነሳች። «ቆይ አንቺ! ገና ተወልዶ ስም ሊያወጡለት ነው!»