ሰባተኛው ጫማ

ሶዳም የባቄላ ቡቃያ ልትገዛ ወጥታ ሃያ ደቂቃ እንኳን አልቆየችም። ስትመለስ የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ዘግታው ነበር እኮ! ገባ ስትል ደግሞ፣ ከእንግዳ ክፍሉ ፊት ያለው የጫማ ማውለቂያ ድንጋይ ጫማ በጫማ ሆኗል። ቆጠረች። ሰባት ጥንድ!

ክፍሉ የተያዘው ለሁለት ሰው ነው። «እኔና ባለቤቴ ብቻ ነን» ብላ የጻፈችው ኢንሱክ የምትባል የሃምሳ ዓመት ሴትዮ ናት። ጠዋት ቁልፍ ስትቀበል እንዴት ያለች ጨዋ ትመስል ነበር!

የሶዳምና የእናቷ ጎረቤት አባባ ጓክ በዚህ ዓመት ብቻ ሁለቴ ለወረዳ ከሰዋቸዋል። አንዴ ሁለት ነን ብለው ዘጠኝ ሆነው ባደሩ ተማሪዎች፣ አንዴ በሻንጣ ጎማ ጩኸት። ወረዳው «ሦስተኛ አቤቱታ ከመጣ ፈቃዳችሁ ይነጠቃል» ብሎ ደብዳቤ ጽፏል። እናትና ልጅ ደግሞ የሚኖሩት በዚችው ክፍል ኪራይ ነው። እናቷ ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ሆና ሆስፒታል ተኝታለች፤ ሶዳም ትምህርት በጨረሰች በአራት ወሯ ቤቱን ብቻዋን ይዛዋለች።

ደወለችላት።

«እማ፣ ሰባት ሆነዋል።»

«ምኑ ነው ሰባት?»

«ሰዎቹ ናቸዋ!»

«በቃ፣ ፈገግ በይና አስወጫቸው።»

«ሰው ፈገግ እየተባለ እንዴት ነው የሚባረረው?»

«መጥቼ እንዳላሳይሽ ጉልበቴ ታስሯል! ይልቅ ጓክ ሳያይ ፍጠኚ።»

የግቢውን በር ልትዘጋ ስትሮጥ ኢንሱክ ከክፍሉ በካልሲዋ ዘላ ወጣች።

«ኧረ አትዝጊው የኔ ልጅ!»

«እትዬ፣ ሁለት ነን አላሉኝም?»

ኢንሱክ ፊቷ ቀላ። «ዛሬ አባታችን ያረፈበት ቀን ነው። አራቱ እህት ወንድሞቼ ናቸው። ማዕዱን አቅርበን፣ ሰግደንለት፣ አንድ ሰዓት ላይ ይሄዳሉ።»

«ቤት የላችሁም እንዴ?»

«ታላቄ የሚኖረው አስራ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩ በቁጥር ነው የሚከፈተው። አባቴ ቁጥሩን አያውቅም።»

በሟች ቀን መንፈሱ እንዲገባ በር እንደማይዘጋ ሶዳምም ከልጅነቷ ታውቃለች።

«ታዲያ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

«ለሦስት አከራዮች እውነቱን ነግሬ ሦስቱም እምቢ አሉኝ።»

እሷ፣ ባሏ፣ አራት እህት ወንድሞች። ስድስት። ጫማው ግን ሰባት ነው! «አሁንም እየዋሹኝ ነው ማለት ነው» ልትል አፏን ስትከፍት፣ ከኋላዋ ድምፅ መጣ።

«ገበያ ከፈታችሁ እንዴ?»

አባባ ጓክ በሩ መሃል ከነምርኩዛቸው ተገትረዋል። ስልካቸውን አንስተው ድንጋዩን ፎቶ አነሱት። ቀጭ!

ሶዳም «አሁን ላስወጣቸው ነው» ማለት ትችል ነበር። አላለችም።

«አባባ፣ ስድስት ሰው ነው። የሟች ቀን ነው። ልነግርዎት ልመጣ ስል…»

«ሁሌም ልትመጡ ስትሉ ነው። አንድ ቀን መጥታችሁ ታውቃላችሁ? ደግሞስ ስድስት ነው ያልሽው? ዓይኔ እንጂ ቁጥሬ አልታመመም። እናትሽ ውሸትም ታከራያለች?»

ኢንሱክ አንገቷን ደፍታ ቆማለች። ከውስጥ አንድ ሰው መጠጥ ሲቀዳ ይሰማል።

አባባ ጓክ ካሉበት ሆነው በምርኩዛቸው እየጠቆሙ መቁጠር ጀመሩ። «አንድ… ሁለት… ሦስት…» ሶዳም የቡቃያውን ፌስታል ጨምቃ ይዛለች፤ ውሃው እግሯ ላይ ይንጠባጠባል። «…አምስት… ስድስት…»

ሰባተኛው ላይ ምርኩዙ አየር ላይ ቀረ።

ቡናማ የቆዳ ጫማ ነው። ሶሉ ሁለት ሦስቴ የተቀየረ፣ ግን መስታወት እስኪመስል የተወለወለ። የስድስቱ ጫማ አፍንጫ ወደ በሩ ዞሯል፣ ለመውጣት። የእሱ ብቻ ወደ ክፍሉ ነው፣ ለመግባት።

ሶዳምም አሁን ገና አየችው። አባባ ጓክ ጫማውን አዩ፣ የተከፈተውን በር አዩ፣ ከዛ እግራቸውን አዩ። በሩን ለሁለት ከፍለው መሃሉ ላይ ቆመዋል።

ቀስ ብለው ወደ ጎን ዞር አሉ። ወደ ግድግዳው ተጠጉ፤ ምርኩዙንም ሰበሰቡት።

«ይለፉ እንግዲህ» አሉ ዝቅ ብለው፣ ባዶውን መንገድ እያዩ።

ኢንሱክ አፏን በእጇ ሸፍና ገባች።

«ስድስት ነው ያልሽው?» አሉ ሽማግሌው።

«ስድስት ነው፣ አባባ።»

«አንድ ሰዓት ላይ መጥቼ እቆጥራለሁ። ከሁለት ጥንድ በላይ ካየሁ ፎቶው ወረዳ ይገባል።» ስልኩን ኪሳቸው ከተቱት። «ደግሞ ለሚቀጥለው ቀድመሽ አንኳኪ። እኔም በር አለኝ።»

የበሩን ጠርዝ ይዘው፣ መሃሉን ሳይረግጡ ወጡ። ሶዳም በሩን ሳትዘጋው ሰዓቷን አየች። አንድ ሰዓት ሊሆን ሃምሳ ደቂቃ ይቀረዋል።