ከቀዩ ቀለም ሥር

…ደግሞ ሐምራዊ፣ ምን ይሁን ብሎ ሐምራዊ ቀባት ይሄ ደንቆሮ፣ ነበልባል ሥሎባት፣ እሳት የተሣለባት መኪና የምትፈጥን መስሎት፣ ዶሪን ጋራዥዋ ውስጥ ተንበርክካ በብርጭቆ ወረቀት ትፈገፍጋለች፣ አቧራው አፍንጫዋ ይገባል፣ በስልሳ አንድ ዓመቷ የዌይድን ጅልነት በአፍንጫዋ ትስባለች። የሊማው ዌይድ፣ የኦሃዮዋ ሊማ። ባለፈው ሳምንት ደውላ መኪናዋን ከማን እንደገዛት ስትጠይቀው፣ የኔ እመቤት፣ እስቲ ባልሽን አቅርቢልኝ፣ ይሄ የወንዶች ወሬ ነው፣ አላት፣ ባሌ በሕይወት እያለም ሞተርን ከማቀዝቀዣ አይለይም ነበር፣ ከእኔው ጋር ትጨርሳታለህ፣ አለችው፣ እየተንተባተበ ከኦርቪል ነው አለ። ትቅለል ብሎ ሻንሲዋን እንደ ወንፊት የበሳሳውም እሱ ነው። ክብደት ለመቀነስ። ቦርጩን አይቀንስም ነበር?

ከዌይድ የተረከባት ክላይድ ደግሞ ይብሳል፣ ሩብ ማይል በቀጥታ እንድትበር የተሠራችን መኪና መጠጥ ቤቱ ጣሪያ ላይ በሰንሰለት ሰቀላት፣ ሰካራም ሁሉ ከሥሯ ተቀምጦ የዶሮ ክንፍ እየጋጠ፣ ይህቺን እኮ እኔ ነድቻታለሁ እያለ ሲቀደድባት፣ ከዚያ ገበሬው፣ ገበሬውስ ቢያንስ አልዋሸም፣ ዶሮዎቼ መቀመጫዋ ላይ እንቁላል ይጥላሉ አለ፣ ከነኩሱ ለዶሪን ሸጠላት። በስንቱ ከብት እጅ አልፈሽ መጣሽ እቴ፣ ትላታለች መኪናዋን፣ አባቴ ቢያይሽ ያለቅስ ነበር።

አባቷ ስታን። እሱ ብቻ ነው ሰው። የሻንሲዋን ቱቦ በገዛ እጁ ያጠፈ፣ በግራ እጁ የበየደ፣ ቀይ የቀባት። ከሌላንድ ሞት በኋላ አዲስ የሠራት ናት ይህቺ፣ ሌላንድን የገደለችው ጥቁሯ ነበረች፣ ሌላንድ የስታን ሾፌር፣ የልብ ወዳጁ፣ በጥቁሯ የመጀመሪያ ሩጫ ቀን የመጨረሻውን መስመር አልፎ፣ ማቆሚያ ፓራሹቱን ሳይስብ፣ መንገዱ አልቆበት ዛፎቹ ውስጥ የገባ። ረሳ። ደነገጠ። ጠጥቶም ይሆናል። ኦሃዮ ውስጥ ሲባል የኖረው ይኸው ነው፣ ቁርስ ቤት ስታን ራሱ እንቁላሉን እየቆረጠ፣ ምን ላድርግ፣ እጀታውን አልሳበም፣ ሲል ዶሪን በልጅነቷ በጆሮዋ ሰምታለች። ሰው የገደለች መኪና አትሸጥም፣ እዚህ ማንም የሚያውቀው ነው፣ ተቆራርጣ ትጣላለች፣ ስታንም መቃብሩ አጠገብ ቀኝ እጁን አንሥቶ ለሌላንድ ሚስት ለፈርን፣ በመጋዝ ቆራርጬ የድንጋይ ማውጫው ሐይቅ ውስጥ እጥላታለሁ፣ ከእንግዲህ ማንም አይነዳትም፣ አላት። ማለ እኮ።

ቅዳሜ የአሮጌ ተወዳዳሪ መኪኖች ቀን ነው፣ የእያንዳንዷ ባለቤቶች ከሠሪው ጀምሮ በድምፅ ማጉያ ይጠራሉ፣ ሞተሯን እንድታስነሣ የተጋበዘችው ፈርን ናት፣ የጋበዘቻት ደግሞ ዶሪን፣ ከልጅነቷ ጀምሮ አክስቴ የምትላትን አሮጊት አልመጣም ስትል ለምናት፣ ይህቺ እኮ ሌላዋ ናት አክስቴ፣ ቀይዋ ናት፣ ብላት።

ሐምራዊው አለቀ፣ አረንጓዴው ከአባቷ የገዛት የኦርቪል ነው፣ የአተር ሾርባ የመሰለ አረንጓዴ፣ ምን ዓይነት ዓይን ነው ያለው ሰውዬው፣ ከዚያ ቀዩ፣ የአባቷ ቀይ፣ እዚህ ላይ እጇን ቀለል ታደርጋለች፣ ቀስ፣ ቀስ፣

ጥቁር።

አይ። የዝገት መከላከያ ነው። ጨርቅ ቲነር ውስጥ ነክራ ትወለውለዋለች፣ ያበራል፣ የዝገት መከላከያ አያበራም፣ ትፈገፍጋለች፣ ወርቅማ ጭረት፣ ከዚያ ከመቀመጫው ጎን፣ የሾፌር ስም በሚጻፍበት ቦታ፣ የሌላንድ ስም ሙሉው።

ኦርቪል ስልኩን ሲያነሣ ሳሉና ቴሌቪዥኑ አብረው ይመጣሉ። ጥቁሯ ናት አይደል? ትለዋለች። ይስላል። አባትሽ ማንም እንዳይሰማ አለኝ ልጄ፣ ሌላ ቀለም ደርብባት አለኝ፣ ደረብኩ፣ ምን ላድርግ፣ ጥሩ መኪና እኮ ነበረች፣ ደግሞ ማን አላወቀም ብለሽ ነው? ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሁላችሁም። አገር ሙሉ ቀለም ቀቢ። ጆሮው ላይ ትዘጋበታለች።

አሁን ማቆም አትችልም፣ መቀመጫው ዙሪያ ያለውን ቱቦ ሁሉ ትፈገፍጋለች፣ የፓራሹቱ እጀታ ቀኝ ጉልበት አጠገብ ነው፣ እዚያው የተወለደ ይመስል፣ ግን ራቅ ብሎ፣ ከመሪው ወዲያ፣ ጠባሳ፣ ተሞርዶ የጠፋ ብየዳ፣ እጀታው መጀመሪያ የነበረበት። ሁለቱም የግራኝ ብየዳ ነው። ብየዳ ያስተማራት ሰው እጅ። ትገባለች፣ ቀበቶውን ታጠብቃለች፣ በውድድር ቀን እንደሚጠብቀው፣ ትከሻዋ ከመቀመጫው ጋር እስኪሰፋ፣ ክንዷን ወደ ጠባሳው ትዘረጋለች፣ ጣቶቿ አየር ይጨብጣሉ። እንደገና። አየር። ሌላንድ የእሷ ቁመት ነበር፣ የተመረጠውም አጭርና ቀላል ስለሆነ ነው፣ ስታን ደግሞ በር ሁሉ የሚያጎነብሰው፣ ሾፌሩ ጎማ ፋብሪካ ሥራ ላይ ሲውል ሠሪው ራሱ ገብቶ ይለካል፣ ሁሉም የሚሠሩት እንዲህ ነበር፣ ስታንም ገባ፣ ያንን ረጅም ክንዱን ዘረጋ፣ ያለ ቀበቶ፣ እዚህ ይሁን አለ።

ከዚያ፣ ሌላንድ ሲሞት፣ አወቀ። አውቆ እጀታውን አዘዋወረው፣ አውቆ ቀባት፣ አውቆ ሸጣት፣ አውቆ እንቁላሉን ቆረጠ። አንተ ፈሪ። ዌይድ እኮ ጅል ነው እንጂ ፈሪ አይደለም፣ ክላይድ ሰቀላት እንጂ ሰው ላይ አላሳበበም፣ ዶሮዎቹ እንኳ፣ ዶሮዎቹ እንኳ ከአንተ ይሻላሉ አባዬ፣ እኔ ደግሞ ስምህን በወርቅማ ቀለም ልጽፍልህ ነበር።

ቀዩ ቀለም ተገዝቶ ተቀምጧል። መርጫው ታጥቧል፣ አንድ ከሰዓት ይበቃታል፣ ኦርቪል እንደሆነ አንድ ሐሙስ ነው የቀረው፣ የቀሩት ዝምታ ለምደዋል፣ ቅዳሜ ማጉያው ሠሪ ስታን ሃቭሊክ ሲል ሰው ያጨበጭባል፣ እሷም ታጨበጭባለች፣ ፈርን ከጎኗ ቆማ። ታጨበጭባለች? ከቀበቶው ሳትወጣ ለፈርን ትደውላለች።

አክስቴ፣ ቀይዋ አይደለችም፣ ጥቁሯ ናት፣ አልቆረጣትም።

አውቃለሁ፣ ትላለች ፈርን።

ታውቂያለሽ?

በዓመቱ አየኋት፣ ቀይ ሆና፣ ድምፅዋን የማልለየው ይመስላችኋል እንዴ፣ ከዚያ አረንጓዴ ሆነች፣ ከዚያ ያ የሊማ ቦርጫም ሐምራዊ ቀባት፣ እሁድ እሁድ እየሄድኩ የውድድሩ ሜዳ አጥር ሥር እቆም ነበር።

ምን ልታደርጊ?

ሌላ ሰው እስክትገድል ልጠብቅ ነዋ፣ ትላለች ፈርን፣ ስለ ድንች ዋጋ በሚወራበት ድምፅ፣ አንድ ሰው ብትገድልልኝ ጥፋቱ የመኪናዋ ነው ይባል ነበር፣ ሁሉም ግን በደህና ተመለሱ፣ ያ ቦርጫም እንኳ። በቃ የሌላንድ ጥፋት ነው አልኩ። ተቀበልኩት።

ዶሪን ዝም ብትል ማንም አያውቅም፣ አይ፣ ትላለች፣ የተመለሱት አባቴ እጀታውን ስላቀረበው ነው አክስቴ፣ በሌላንድ ጊዜ ሩቅ ነበር፣ ገብቼ ሞከርኩት፣ አሁንም እዚያው ነኝ፣ ክንዱ አይደርስም፣ በጭራሽ አይደርስም ነበር፣ አባቴ ያውቅ ነበር።

በፈርን በኩል ውኃ ይወርዳል፣ ዕቃ እያጠበች ነበር መሰል፣ ከዚያ ቧንቧው ይዘጋል።

ልጆቼ አባታችን ሰካራም ነበር ሲሉ፣ ትላለች ፈርን፣ አንድም ቀን ተዉ አላልኳቸውም።