ከሁሉም ኋላ የሚወጣው ተከላካይ

ደክሞኛል። ኋላ ጨካኝ እንዳትሉኝ፣ መጀመሪያ ይሄን ስሙልኝ።

ባሌ ዱጋልድ ሬኒ ለከተማችን ክለብ አስራ አራት ዓመት በመሀል ተከላካይነት ተጫውቷል። ከዚያ ሃያ ሁለት ዓመት የቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ እሱን ግን ማንም አያነሳለትም። በዝናብ የራሰ ኳስ ሲገጭ የኖረው ጭንቅላት ይኸው ዛሬ የውጭውን በርና ቁም ሳጥኑን አይለይም። ዶክተሩ «ከቴስታው ሊሆን ይችላል» አለኝ። ሊሆን ይችላል! እኔ እያጠብኩት፣ እኔ እያለበስኩት፣ በቀን አምስቴ ከመንገድ እየመለስኩት ሦስት ዓመት ሆነን። ባለፈው ወር ወገቤን ሲይዘኝ ልጃችን ሞራግ ከአበርዲን መጥታ «እማዬ፣ በቃሽ» አለች። መጦሪያ ቤት ቦታ ተገኘ፤ ለሰኞ። ለእሱ አልነገርኩትም። ብነግረውስ?

ክለቡ ደግሞ «ቅዳሜ በእረፍት ሰዓት ሜዳ መሀል ይቁምና እናጨብጭብለት» ብሎ ላከብኝ። እምቢ ልል ነበር። ሕዝብ ፊት ግራ ገብቶት ቢያለቅስስ? ግን ሰኞ ከመግባቱ በፊት አንዴ ቀና ብሎ ሲሄድ ማየት ፈለግኩ። ሌላ የምሰጠው ነገር አልነበረኝም።

ቅዳሜ መልበሻ ክፍሉ አጠገብ ያለው መተላለፊያ ውስጥ ቆምን፤ እኛ ሁለታችን፣ የክለቡ ጸሐፊ ፈርጉስና ሻይ የምታፈላው ኡና። በድምጽ ማጉያው «ዱጋልድ ሬኒ!» ተባለ። ሰዉ ጮኸ። ዱጋልድ ግድግዳውን ተደግፎ ንቅንቅ አላለም።

«ጋሼ ዱጋልድ፣ ይውጡ እንጂ! ሰዉ እኮ እየጠበቀ ነው!» አለ ፈርጉስ ክንዱን እየጎተተ።

«ልቀቀኝ!»

ደግመው ጠሩት። ጭብጨባው እየቀዘቀዘ ሄደ። «እትዬ ኔታ፣ ይቅር እንዴ?» አለኝ ፈርጉስ። ከሐፍረት ፊቴ ጋለ። ዱጋልድ ግን ተራ በተራ እኛን ነበር የሚያየው።

ወይ የኔ ነገር! ይሄ ሰውዬ በአስራ አራት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ከሌላው ቀድሞ ሜዳ ገብቶ አያውቅም። «ከሁሉም ኋላ ካልወጣሁ እንሸነፋለን» ይላል። አንዴ አምበሉ የታኬታውን ክር ሊያስር ቢዘገይ፣ ይሄም አብሮት ቆሞ ዳኛው በሁለቱም ላይ ጮኾባቸዋል።

«ፈርጉስ፣ ውጣ!» አልኩት።

«እኔ? እኔን ማን ጠራኝ?»

«ውጣ ብያለሁ! ኡና፣ አንቺም!»

«በሽርጤ?»

«በሽርጥሽ!»

ወጣን። ኡና የስጋ ፓይ እንደያዘች ስትወጣ ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ዘወር ስል ዱጋልድ ብቻውን ቀርቷል። እንደ ድሮው ጉልበቱን ሁለቴ መታ መታ አደረገና ደረቱን ነፍቶ ወጣ። ሳቁ ቆመ፣ ሰዉ ሁሉ ብድግ አለ። እኔ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ሰኞ ሞራግ በመኪና አደረሰችን። መጦሪያው ደጃፍ ላይ ዱጋልድ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ነርሷ «አቶ ሬኒ፣ ይግቡ» ብላ እጁን ብትይዘው ነጠቃት።

«እማዬ፣ ምን እናድርግ?» አለች ሞራግ።

ምን እንደሚደረግ አውቅ ነበር። ማወቄን ጠላሁት።

«ነርሷ ትግባ። አንቺም ግቢ» አልኳት። ከዚያ ወደ ኋላ ሳላይ እኔም ገባሁ። ጉልበቱን ሁለቴ ሲመታ ሰማሁት። ተከተለኝ።

መስኮት አጠገብ አስቀምጠው ሻይ ሰጡት። ኮቴን አነሳሁ። ምን ብዬ እንደምሰናበተው ጨንቆኝ በሩ ጋ ቆሜ ቀረሁ። ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ በእጁ ወደ በሩ ጠቆመኝ።

«ቅደሚ እንጂ» አለኝ። «እኔ ከኋላሽ ነኝ።»