መስታወቷ ሴትዮ

ፀጉር ሠሪዋ እዚያ አዳራሽ የገባችው በአክስቷ ልጅ ጉተታ ነው።

«እታለም፣ ጭፈራ እኮ አይደለም፣ ሕክምና ነው!»

«በመዝለል የዳነ ሰው አሳዪኝና እኔም ልዝለል!»

አዳራሹ ጥገኝነት ጠይቀው ውሳኔ በሚጠብቁ ሴቶች ተሞልቷል። ድንበር ላይ የፊጥኝ አስረው ካሰነበቷት ወዲህ የፀጉር ሠሪዋ ቀኝ ክንድ ከደረቷ በላይ አልወጣ ብሏል። ሐኪሙ ራጅ አይቶ «አጥንቱ ደህና ነው» አለ፤ ክንዱ ግን ሐኪሙን አልሰማም። ክንዱ ካልተነሣ ደግሞ የመቀስና የማበጠሪያ ሙያዋ አበቃለት።

አሠልጣኟ ሙዚቃ ከፍታ ሴቶቹን ሁለት ሁለት አቆመቻቸው። «አንዷ የምታደርገውን ሌላዋ እንደ መስታወት ትደግማለች» ስትል ፀጉር ሠሪዋ ከጫማዋ ማሰሪያ ጋር እየታገለች ስለነበር አልሰማችም። የደረሰቻት ቋንቋዋን የማታውቅ አንዲት ረጅም ሴት ናት። ረጅም ስላችሁ ዝም ብላ ረጅም አይደለችም፤ ዝናብ ሲጀምር ቀድማ በስብሳ ለታችኛው ሰው ወሬውን የምታቀብል ናት!

ፀጉር ሠሪዋ አፍንጫዋን አከከች። ረጅሟም አከከች። ወገቧን ይዛ አፈጠጠች። ረጅሟም ወገቧን ይዛ አፈጠጠች።

«ኧረ ይቺ ሴትዮ ታሾፍብኛለች!»

የአክስቷ ልጅ በሳቅ ፍርስ አለች።

ያን ጊዜ ነገር መጣ! ፀጉር ሠሪዋ ልታሳፍራት ባንድ እግሯ ቆመች፤ ረጅሟም ቆመች። ተሽከረከረች፣ እንደ ፍየል ዘለለች፤ ረጅሟ ስትዘል ጣሪያው ለጥቂት ተረፈ። ሴቶቹ ሁሉ ጨዋታቸውን ትተው ከበቧቸው፤ ጭብጨባው መስኮቱን አርገፈገፈው።

በመጨረሻ የፀጉር ሠሪዋ ትዕግሥት አለቀ።

«አምላኬ፣ አንተው ፍረድ!» ብላ እጆቿን ወደ ላይ ወረወረች።

ሁለቱንም!

«እታለም፣ ክንድሽ!» አለች የአክስቷ ልጅ።

ቀና ብላ አየችው። ክንዷ እላይ ተሰቅሏል። ብታወርደው ዳግመኛ አልነሣም እንዳይላት ፈራች። ረጅሟም እጆቿን እንደ ሰቀለች ቀረች። ፀጉር ሠሪዋ ማልቀስ ስትጀምር ግን ረጅሟ አልደገመቻትም፤ የራሷን አለቀሰች።

«ማበጠሪያ ያላት!» ጮኸች ፀጉር ሠሪዋ። ከየቦርሳው ማበጠሪያ ዘነበ።

ረጅሟ ነገሩ ገባትና ፀጉር ሠሪዋ አናቷ ላይ እንድትደርስ ልትቀመጥላት ወንበር ሳበች። ፀጉር ሠሪዋ ወንበሩን በእግሯ ገፋችው።

«ማን ተቀመጪ አለሽ? ቁሚ!»

አለችና በእግሯ ጣቶች ተንጠራርታ በዚያው በቀኝ እጇ ማበጠሪያውን የረጅሟ አናት ላይ ሰካችው።