የዕለቱ ስህተት

ተማሪዎቹ ያወጡለት ስም «ኮቴ» ነው። ዳይሬክተሩ ይህን ያውቃል፤ አውቆም ደስ ይለዋል። ያ ተረከዘ ጠንካራ ጫማው በኮሪደሩ ጫፍ ቋ ቋ ማለት ሲጀምር ክፍሎቹ ተራ በተራ ጸጥ ይላሉ፤ እሱም ማስተማር ማለት ይህ ጸጥታ ይመስለዋል። ሰው የሚባል ነገር አያምንም። መምህር ታምሜያለሁ ብሎ ሲቀር የት እንደዋለ ያጠያይቃል፤ የጥበቃው ሰላምታ ረዘም ካለበት «ደግሞ ምን አጥፍቶ ነው?» ይላል። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» የምትለዋን ተረት በየስብሰባው ከመደጋገሙ የተነሳ ገና አፉን ሲከፍት መምህራኑ በልባቸው ይጨርሱለታል።

ሰሞኑን ስንጥሩን ያገኘው መስሎታል። የስድስተኛ ክፍል የሒሳብ መምህርት ናት። አዲስ ናት፤ የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ነው። ቋሚ የምትሆነው እሱ ከፈረመ ነው፤ ካልፈረመ ጓዟን ጠቅልላ መሄድ ነው። ይህን ደግሞ ከጥበቃው ጀምሮ እስከ አንደኛ ክፍል ልጅ ድረስ የማያውቅ የለም። ታዲያ ከዚህች መምህርት ክፍል ሳቅ ይሰማል። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሳቅ! እሱ ብቅ ሲል ደግሞ ቀጥ ይላል። «እዚህ ቤት ነገር አለ» አለ ለራሱ። በዚያ ላይ መምህርቷን ያመጣት ምክትሉ ነው። ምክትሉ ወንበሬን ይመኛል ብሎ ካመነ ቆይቷል፤ ማስረጃው ሰውየው ተመኝቶ አለማወቁ ነው።

አንድ ጠዋት የልጁን የስፖርት ጫማ ሲያጠልቅ ሚስቱ አየችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ደግሞ በማን ላይ ልታደባ ነው?»

«እግሬን አሞኝ ነው።»

«እግርህስ ደኅና ነው። አንተን ያመመህ ሌላ ነው» አለችና ሻዩን ቀዳችለት።

በዚያ ጫማ ድምፅ ሳያሰማ ሄዶ ከስድስተኛ ክፍል መስኮት ጥግ ተለጠፈ። መምህርቷ ሰሌዳው ላይ «7 × 8 = 54» ብላ ጽፋ፣ እጇን አጣጥፋ ቆማለች። ልጆቹ አንድ ላይ ጮኹ። ከፊት የተቀመጠች ባለ ሁለት ሹሩባ ልጅ ብድግ ብላ ጠመኔውን ከመምህርቷ እጅ ወሰደችና ሃምሳ አራትን ሰርዛ ሃምሳ ስድስት ጻፈች። ክፍሉ አውካካ። መምህርቷም አብራ ሳቀች! የዳይሬክተሩ ደም ፈላ። ማባዛት የማታውቅ የሒሳብ መምህርት፣ ልጅ የሚያርማት፣ ታርማም የማታፍር! ጠርቶ ሊጠይቃት ይችል ነበር። ምክትሉንም ሊጠይቅ ይችል ነበር። ግን ሁለቱም የሚዋሹት መሰለው። እጅ ከፍንጅ መያዝ ይሻላል አለ።

በማግስቱ ጫማውን ቀይሮ፣ ምክትሉን ለምስክርነት አስከትሎ፣ ቋ ቋ እያለ ገባና ከኋላ ተቀመጠ። መምህርቷ ጥቂት አመነታች፤ ከዚያ እንደ ወትሮዋ ማስተማሯን ቀጠለች። «½ + ⅓ = ⅖» ብላ ጻፈችና ጠበቀች።

ማንም ትንፍሽ አላለም። ባለ ሹሩባዋ እጇን ማንሳት ጀምራ ወደ ኋላ ዞረች፤ ዳይሬክተሩን ስታይ በዚያው እጇ ጭንቅላቷን አከከች።

«ይኸው፣ ልጆቹንም አደንቁራቸዋለች» አለ በልቡ። ተነስቶ ሰሌዳው ጋ ደረሰ።

«ታህትን ከታህት መደመር ከየት የተማርሽው ነው?» አላት፣ ልጆቹ ፊት። ሁሉንም አጠፋው። «የጋራ ታህቱ ስድስት ነው! ሦስት ስድስተኛ ሲደመር ሁለት ስድስተኛ!» ጠመኔውን ሰሌዳው ላይ እየተጫነ ይጽፋል። «ሦስትና ሁለት፣ አምስት። ስድስትና ስድስት፣ አሥራ ሁለት። አምስት አሥራ ሁለተኛ! ገባችሁ?»

«ገብቶናል!» አሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ። ምክትሉ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ጀመር። መምህርቷ የጻፈውን ትክ ብላ አየች።

«በዓይንህ አየህ አይደል?» አለው ምክትሉን ኮሪደሩ ላይ። «ዛሬውኑ አሰናብታታለሁ።»

ይህን ብሎ ሳይጨርስ ከኋላቸው ክፍሉ ተንጫጫ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ዳይሬክተሩ ጫማውን አውልቆ በእጁ ያዘና፣ አውራ ጣቱ በሾለከበት ካልሲ እያደባ ተመለሰ። ምክትሉም ምን ያድርግ፣ ተከተለው።

«ቲቸር፣ የዛሬው ስህተት ሁለት ነው!» ትላለች ባለ ሹሩባዋ። «አንዱ እርስዎ የደበቁት፣ አንዱ የኮቴ! እሱም ታህት ደመረ!»

«እኔ በየቀኑ አንድ ስህተት እደብቃለሁ፣ እናንተ አድናችሁ ትይዙታላችሁ። ሥራችን ይህ አይደል?» አለች መምህርቷ። «ታዲያ ዛሬ ምነው ዝም አላችሁ?»

ልጆቹ ተያዩ።

«የርስዎን ስህተት ከተናገርን ዳይሬክተሩ ያባርሩዎታል ብለን ነዋ» አለች ልጅቷ። «ትናንት በመስኮት ሲያደቡ አይተናቸዋል።»

ዳይሬክተሩ በመስኮቱ አሻግሮ ሰሌዳውን አየ። አምስት አሥራ ሁለተኛ፣ በራሱ ጽሑፍ፣ ጉልህ ብሎ። ፊቱ ጋለ።

«አንተ አይተኸው ነበር?» አለው ምክትሉን በሹክሹክታ።

«አይቼዋለሁ፣ ጋሼ።»

«የስህተት አደኑንስ ታውቅ ነበር?»

«አውቃለሁ። እርስዎ አልጠየቁኝም።»

«ቢያንስ ስህተቴን ለምን አልነገርከኝም?»

ምክትሉ እንደገና ወደ ጣሪያው ማንጋጠጥ ጀመረ።

ዳይሬክተሩ ጫማውን በር ላይ ትቶ በካልሲው ገባ። ልጆቹ ብድግ አሉ፤ ክፍሉ ጸጥ አለ። ያ ሲኮራበት የኖረው ጸጥታ ነው፤ ዛሬ ግን አሳፈረው። ጠመኔ አንስቶ ለባለ ሹሩባዋ ዘረጋላት።

«ነይ፣ ልጄ። ስህተቴን አሳዪኝ።»

ልጅቷ ቀስ ብላ መጣች። ጠመኔውን ተቀበለች እንጂ አልጻፈችም።

«ካረምኩዎት ቲቸርን ያባርሯቸዋል?»

«አላባርራትም።»

«ቋሚ ያደርጓቸዋል?»

«አደርጋታለሁ።»

ልጅቷ ምክትሉን አየች፤ መምህርቷን አየች፤ ከካልሲው የሾለከውን አውራ ጣትም አየች። ከዚያ ጠመኔውን ከጀርባዋ ደበቀችው።

«መጀመሪያ ይፈርሙ» አለችው።