የተፋቀው ሰደፍ

የማላውቀው ነገር ፊቴ ከተቀመጠ እህል አይወርድልኝም። እናቴ በልጅነቴ፣ ይሄ ሁሉን ካላወቅሁ ማለትሽ አንድ ቀን ጣጣ ያመጣብሻል ትለኝ ነበር። እስካለፈው ዓመት ድረስ ያመጣልኝ ሥራ ብቻ ነው። የከተማው የውሃ ማጠራቀሚያ ጥበቃ ክፍል የመሣሪያ ጠጋኝ ነኝ። የተበላሸ ጠመንጃ ሞርሳ ላይ ካሰርኩ ምን እንደነካው ሳላውቅ አልፈታውም። ጥበቃዎቹ መጀመሪያ ሴት ጠጋኝ ሲያዩ ስቀው ነበር፤ ጠመንጃቸው ሲነክስባቸው ግን ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው በሬ ላይ ተሰለፉ።

ያን ሰሞን ሠላሳ አዳዲስ ጠመንጃ መጣልን። ጥቁር፣ ቀላል፣ ሰደፉ ፕላስቲክ የሆነ፣ በየጥይቱ ማቀባበል የማያስፈልገው። የጥበቃ ኃላፊው፣ ወረቀት ከምግብ የሚያስበልጥ ቀጭን ሰውዬ፣ ሁሉንም ሰብስቦ ምርጫው የእያንዳንዱ እንደሆነ ነገራቸው። የፈለገ አዲሱን ይወስዳል፤ የፈለገ ድሮ ለጦር ሠራዊት የተሠራውን ባለእንጨቱን እንደያዘ ይቀጥላል። በመረጠው ግን ይፈተናል። አምስት ጥይት ይተኩሳል፤ ሦስቱን ካልመታ ከጥበቃ ሥራ ይሰናበታል። የእኔ ድርሻ አሮጌዎቹን መመርመር ነበር። የተሰነጠቀ ወይም ቅርጹ የተለወጠ ካገኘሁ ለባለቤቱ አይመለስም።

ወጣቶቹ እንደ አዲስ ስልክ ተሻሙበት። ወገባቸውን የሚያማቸው ሽማግሌዎችም ክብደቱን አንስተው ካዩ በኋላ ወዲያው ሐሳባቸውን ለወጡ። አሮጌው ይሻለኛል ያሉት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም የባለቤቴ አባት ናቸው።

አባባ የላይኛው በር ጠባቂ ናቸው። ከልጃቸው ጋር ከተጋባን አሥራ አንድ ዓመት ቢሆነንም እስከ ዛሬ «ሙሽራዬ» ነው የሚሉኝ። በዚያ ባለእንጨት ጠመንጃ፣ ጥበቃዎቹ «አሮጊቷ» በሚሏት፣ በየዓመቱ ልምምድ ላይ አንደኛ ይወጣሉ። በአዲሱ ግን ለሙከራ አሥር ጥይት ተኩሰው ከዒላማው ወረቀት ዳር እንኳ አልደረሱም። ባልደረቦቻቸው እጃቸው አርጅቷል ብለው አንሾካሾኩ። እሳቸው ፕላስቲክ አይዋጥልኝም ብለው ነገሩን ዘጉት። ባለቤቴ ማታ ራት ላይ፣ አባዬ ሚስቱ ብትሞትበት አሮጊቷን አገባ፣ አሁን ፍታት ቢሉት እንዴት እሺ ይበል እያለ አሳቀን። ባለቤቴ የድርጅቱ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ብቻውን ስለሚውል ቀልዱን አጠራቅሞ ነው የሚመጣው።

እኔም ሳቅሁ፤ ነገሩ ግን አልወረደልኝም። እጅ ካረጀ በሁለቱም ጠመንጃ ያረጃል። በአንዱ አንደኛ፣ በሌላው ባዶ የሚያስወጣ እርጅና አይቼ አላውቅም። አንድ ሁለቱን ቢስቱ ይገባኛል። አሥሩንም መሳት ግን ምክንያት አለው፤ ምክንያቱን ሳላገኝ ደግሞ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ማክሰኞ ጠዋት ተራቸው ደርሶ አሮጊቷን ይዘው ግምጃ ቤት መጡ። «ሙሽራዬ፣ እሷ ጤነኛ ናት። አፈሙዟን አይተሽ መልሺልኝ» አሉኝ። ሁልጊዜም እንዲህ ናቸው። በየጊዜው ለምርመራ ሲያመጧት አጠገቤ ቆመው ይጠብቁና ነጥቀው ይሄዳሉ። እኔም አፈሙዟን አይቼ፣ ማቀባበያዋን ሳብ ለቀቅ አድርጌ እመልሳለሁ። አማት ናቸውና አፍጥጬ ልመርምር አልልም። የዚያን ቀን ግን ደንቡ ነው ብዬ አስቀረኋት። ፊታቸው ልውጥ አለ። ዞረው እሷን እያዩ ወጡ።

መስኮቱ ሥር ወስጄ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰስኳት። ሰደፉ ላይ፣ ጉንጭ በሚያርፍበት በግራ በኩል፣ እጄ ሰመጠ። እንጨቱ በሞረድ ተፍቆ ጎድጉዷል። የአንድ ቀን ሥራ አልነበረም። ዘይት ጠጥቶና በጉንጭ ታሽቶ እንደ ወንዝ ድንጋይ ልሟል፤ በዓይን ብቻ የሚያይ ሰው አያስተውለውም። በጣም ከመሳሳቱ የተነሳም እዚያው ጎድጓዳው ውስጥ የጥፍር ያህል ርዝመት ያለው ስንጥቅ ጀምሯል።

ለምን ይፋቃል? ለምቾት ነው እንዳልል ይህን ያህል አይጠልቅም። ወደ ቀኝ ትከሻዬ አስጠግቼ ጉንጬን ጎድጓዳው ውስጥ አሳረፍኩ። ፊቴ ከመጠን በላይ ወደ ጎን ጋደለ። እንደ ልማዴ ግራ ዓይኔን ጨፍኜ በቀኙ ሳይ ማነጣጠሪያው የለም፤ የሚታየኝ የአፈሙዙ ጎን ነው። እንደገና ሞከርኩ፤ ያው ነው። ስሕተቱ የኔ መስሎኝ ራሴን ተቆጣሁ። ከዚያ ግራ ዓይኔን ስገልጠው ማነጣጠሪያው ልክ መሐሉ ላይ ቁጭ አለ።

ጠመንጃዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ሰደፉ የተፋቀው በቀኝ ትከሻ ይዞ በግራ ዓይን ለሚያነጣጥር ሰው ነው። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ደግሞ ቀኝ ዓይኑ የማያይ ሰው ነው።

አሥራ አንድ ዓመት አንድ ገበታ ላይ በልተናል። ሁልጊዜ የሚቀመጡት ከገበታው በስተቀኝ ጫፍ፣ ግድግዳው ጥግ ነው፤ ሁላችንም በግራቸው እንሆናለን። መንገድ ስንሄድ በቀኛቸው ከሆንኩ ክንዴን ይዘው ወደ ግራቸው ያሻግሩኛል። ይህን ሁሉ የሽማግሌ አመል ነው ብዬ አልፌዋለሁ፤ ስለ ሰው ጠመንጃ እንቅልፍ የማጣ እኔ። አፈርኩ።

ምሳ ሰዓት ላይ በብርጭቆ ሻይ ይዤ ወደ ላይኛው በር ወጣሁ። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ውሃውን ያያሉ። ከዚህ በኋላ ያደረግኩትን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ በቀኛቸው በኩል ቀስ ብዬ ቀርቤ ብርጭቆውን ከፊታቸው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ዘረጋሁ። አልዞሩም። እንደዘረጋሁ ቆምኩ።

«እጅሽ እስኪዝል ልትቆሚ ነው?» አሉኝ ውሃውን እያዩ። «ሻዩ ይሸተኛል።»

በግራቸው ዞሬ ተቀመጥኩ። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ቀደሙኝና ማን ማን እንደሚያውቅ ጠየቁኝ። እኔ ብቻ ነኝ አልኳቸው። ሻዩን ጨርሰው ብርጭቆውን አግዳሚው ላይ አስቀመጡ።

«ልጄ ስድስት ዓመቱ ነበር» አሉ ከዚያ። «ከተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ አውጥቶ ቀስት ሠራ። ጓሮ ልብስ ሳሰጣ ከኋላዬ፣ ‹አባዬ፣ እየኝ› አለኝ። ዞርኩ።»

ለሚስታቸው ቅርንጫፍ ወጋኝ አሏት። ልጁ ደንግጦ ሲያለቅስ ውሎ ተኛ፤ ጠዋት ሲነሳ ረስቶታል። ዓይናቸው ከላይ ሲታይ ደህና ነበር፤ ብርሃኑ ግን በሦስት ዓመት ውስጥ ቀስ እያለ ጠፋ። ሐኪም ዘግይተሃል አላቸው። ያኔ ነው ሞረድ ገዝተው ሰደፉን መፋቅ የጀመሩት፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ፣ ማንም እንዳያስተውል።

እኔ መቼም እኔ ነኝ፤ ያን ሰምቼ እንኳ መጠየቅ አልተውኩም። ለምን በግራ ትከሻ አልያዙም አልኳቸው። ያን ያህል እንጨት ከመፋቅ ትከሻ መለወጥ አይቀልም ወይ?

«አሮጊቷን? ማቀባበያዋ በቀኝ ነው፤ በየጥይቱ እጄን አሻግሬ ልታገል? ደግሞ ሰው ይጠይቃል፣ ሙሽራዬ። ለምን በግራ ይላል። ዓይኔ ብዬ ብመልስ፣ ዓይንህን ምን ሆነህ ይላል። እንዲህ እንዲህ እያለ መጨረሻው እሱ ጋ ይደርሳል። አባቴን አሳወርኩት ብሎ እንዲኖር አልፈልግም።»

ስለ ስንጥቁ ነገርኳቸው። ምንም እንዳልሆነ አድርጌ ፈርሜ ባሳልፋት ማንም አያውቅም ነበር፤ ብዕሬን ሁለት ጊዜ አንስቼ አስቀምጫለሁ። ግን ሰደፉ ተኩስ ላይ ቢፈነዳ ስንጣሪው የሚሄደው ወደ ቀረው ዓይናቸው ነው። ሌላ ትርፍ ሰደፍ ደግሞ ግምጃ ቤቱ ውስጥ የለም። አዲሱን በቀኝ ትከሻቸው ከያዙ ፕላስቲኩ አይፋቅምና አሥሩንም እንደሳቱት አምስቱንም ይስታሉ፤ ከሥራም ይወጣሉ። በግራ ትከሻ ከያዙት ግን ማቀባበል የለበትም፣ ለዓይናቸውም ይመቻል። ይህን ሁሉ ሳስረዳቸው ለእሳቸው የሚስማማው ያ የናቁት ፕላስቲክ መሆኑ እኔንም ገረመኝ። ዋጋው ግን ያው ጥያቄ ነው፤ ሰው ሁሉ እያየ በግራ መተኮስ።

ሁለት ቀን ዘጉኝ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መጥተው ሞርሳው ላይ የታሰረችውን አሮጊቷን በእጃቸው ነካ አደረጓትና፣ ያንን ፕላስቲክ አምጪው አሉኝ።

ከዚያ ዘጠኝ ቀን፣ ከሥራ ሲወጡ እየመጡ፣ በባዶ ጠመንጃ ግምጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ በጠመኔ ያደረግኩትን ነጥብ ያነጣጥሩ ጀመር። የመጀመሪያ ቀን ሰደፉን ግራ ትከሻቸው ላይ ማሳረፍ አቅቷቸው፣ የሌላ ሰው ኮት የለበስኩ መሰለኝ ብለው ሳቁ። የግራ ሌባ ጣታቸው ምላጩን ሲስብ አፈሙዙ ይዘላል። በአራተኛው ቀን አፈሙዙ ላይ ሳንቲም አስቀምጬላቸው ሳይወድቅ ሳቡ። ከዚያማ ጥያቄያቸው አላባራ አለ። ይሄ ቀዳዳ ምን ይሠራል? ቀለሁ በዚህ በኩል ሲወጣ ፊቴን አይመታኝም? ማነው ሳያቀባብሉት የሚያቀባብለው? ፈታትቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላቸው። የባሩዱ ጋዝ ተመልሶ ማቀባበያውን እንዴት እንደሚገፋ ሳሳያቸው፣ «እና የራሱ ትንፋሽ ነው የሚያጎርሰው!» ብለው እንደ ልጅ ደስ አላቸው። እኔን የመሰለ ሰው ቤታችን ውስጥ እንዳለ እስከዚያ ቀን አላወቅሁም ነበር።

ፈተናው ቅዳሜ ጠዋት ሆነ። ኃላፊው ከነወረቀቱ ጃንጥላ ሥር ተቀምጧል። ከዒላማዎቹ ጀርባ የሚደፋ አሸዋ የሚያመጣው ደግሞ ባለቤቴ ነው፤ አራግፎ ሲጨርስ አባቱን ለማየት መኪናው ላይ ተደግፎ ቆመ። አባባ አይተውታል። ትንሽ ዘገዩ። ልባቸው የተመለሰ መስሎኝ ፈራሁ። ከዚያ አዲሱን ጠመንጃ አንስተው ግራ ትከሻቸው ላይ አሳረፉት።

ጥበቃዎቹ ማጉረምረም ጀመሩ። የመጀመሪያው ጥይት ወደ ላይ አለፈ። የቀሩት አራቱ ወረቀቱ ላይ አረፉ፤ ሦስቱ እንዲያውም በአንድ መዳፍ የሚሸፈኑ ነበሩ። ኃላፊው ወረቀቱን አስመጥቶ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ነካና ቀና አለ።

«በግራ ሲተኩሱ አይቼዎት አላውቅም። ለምንድን ነው?»

«ቀኝ ዓይኔ አያይም» አሉ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብለው።

ባለቤቴ ከመኪናው ተላቆ ሁለት እርምጃ ወደፊት መጣ። ኃላፊው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቃቸው። ሲመልሱ የሚያዩት እሱን አልነበረም።

«ጥንት ነው። ጎረምሳ ሳለሁ እንጨት ስፈልጥ ስንጣሪ ገባብኝ። ልጄ ገና አልተወለደም።»

ዘጠኝ ቀን ሙሉ አጠገቤ ሲለማመዱ ይህን መልስም በልባቸው ሲያዘጋጁ እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ። ኃላፊው ቅጹን ከላይ እስከ ታች አነበበ። ስለ ትከሻም ስለ ዓይንም የሚጠይቅ መስመር አልነበረበትም። አራት ብሎ ጻፈና ቀጣዩን ጠራ።

እኔ በጭነት መኪናው ከባለቤቴ ጋር ተመለስኩ። አንድም ቀልድ አልቀለደም። ዋናው መንገድ ላይ እስክንወጣ መሪውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ነዳ።

«ሠላሳ ሰባት ዓመቴ ነው» አለ። «አባቴ በአንድ ዓይን ሲያየኝ መኖሩን ዛሬ ከባዕድ ጋር እኩል ሰማሁ። አንቺ ታውቂ ነበር?»

«በቅርቡ ነው ያወቅሁት።»

«እኔ ብሆን ለልጄ እነግረው ነበር። ምን ችግር አለው? ሰው እንጨት ሲፈልጥ ተጎዳ፣ አለቀ። ለምን ይደብቀኛል?»

በሕይወቴ ለተጠየቀ ጥያቄ መልሱን እያወቅሁ ዝም ያልኩበት ቀን የለም። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። እሱ ይወቅ፣ አባቱ ምን ያህል እንደሚወዱት ይወቅ የሚል ክፉ ፍላጎት ያዘኝ።

«ለአንተ ብለው ይሆናል» አልኩት።

«ለእኔ?» አለና ሊያየኝ ዞረ። «እኔ ምን ልሆን?»

መንገዱን እይ አልኩት።