ለአቶ ወዳጆ በቁማቸው የወረደ ሙሾ

ረቡዕ፣ ኅዳር አሥራ አራት ቀን ሁለት ሺህ አሥራ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ሁለት ፈረንጆች አመተሥላሴ ደጅ መጥተው ቆሙ። ሰዓቱን በደንብ ታስታውሰዋለች፤ ትሕትና «ደርሰናል» ብላ ስትደውልላት ስልኳ ላይ አይታዋለች።

ትሕትና እዚያው መንዝ፣ ከሞላሌ ከተማ በላይ ካለው የአመተሥላሴ መንደር ተወልዳ፣ አሁን ሞላሌ እንግሊዝኛ የምታስተምር ሴት ናት። ፈረንጆቹን ይዛ የመጣችው እሷ ነበረች። ሴቲቱ ክላራ፣ ወንዱ ቶማስ ይባላሉ። ሁለቱም ሠላሳ ያልሞላቸው፣ አዲስ አበባ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ናቸው። አመተሥላሴ ሥራቸውን ብትጠይቅ፣ ትሕትና ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ የጠፋ ነገር እየፈለጉ ይቀርጹና ኢንተርኔት ላይ ያወጡታል አለቻት።

«ምን ጠፍቶባቸው ነው?»

«እነሱማ ምንም አልጠፋባቸውም፣ እትዬ። እኛ ልናጠፋው ነው ብለው ነው።»

የፈለጉት ሙሾ ነበር። አመተሥላሴ አልቃሽ ናት። ማንም አላስተማራትም፤ እናቷም አልቃሽ አልነበረችም። ከልጅነቷ ጀምሮ በየለቅሶው ከሴቶቹ ኋላ ቆማ እየሰማች፣ ቤቷ ገብታ እንጨት ስትሰብር ለራሷ እያለችው የያዘችው ነው። አሁን አሁን ጠሪዋ ቀንሷል። ድንኳን ይተከላል፣ ድምፅ ማጉያ ይመጣል፣ ቄሶቹም ሙሾ ይቅር ይላሉ። ስለዚህ ከሩቅ አገር ሰው ሙሾ ፍለጋ መምጣቱ ገርሟት፣ ግቡ አለቻቸው።

እነሱ ግን ውጭ ይሻላል አሉ። ከዚያ ቢጫውን ጀሪካን ከደጅ አነሡት። ጣራው ላይ ያለውን ሶላር በጆንያ ሸፈኑት። የለበሰችውን ጃኬት ታወልቅ እንደሆነ በትሕትና በኩል ለመኗት። የመንዝ ብርድ ጃኬት የሚያስወልቅ አይደለም፤ ቢሆንም አወለቀችው። ይህ ሁሉ ተነሥቶ ሲያበቃ ምን እንደሚቀር ለማየት ጓጉታ ነበር። የፕላስቲክ ጫማዋን አውልቂ ሲሏት ግን እሱስ ይቅርባችሁ አለች።

«ማን ሞቶ ነው የማለቅሰው?» ብላ ጠየቀች፣ ሁሉም ነገር ከተሰናዳ በኋላ።

ትሕትና ጠይቃ መለሰችላት። ማንም አልሞተም፤ እንዲያው ለናሙና ነው።

አመተሥላሴ ሳቀች። ሙሾ የሟቹ ነው፤ አባቱን፣ በሬውን፣ አካሄዱን ሳታውቅ ምን ልትል ነው? ሟች በሌለበት ማልቀስ ደግሞ ሞትን ስም ጠርቶ ማስገባት ነው። አይሆንም አለች። ክላራ ቅር አላት፤ ቶማስ ካሜራውን መፍታት ጀመረ።

ይህን ጊዜ ከአጥሩ ወዲያ፣ ዐውድማቸው ላይ ገብስ ሲያበራዩ የቆዩት አቶ ወዳጆ መጡ። አቶ ወዳጆ የሟች ባሏ የይታየው ታላቅ ወንድም ናቸው። ይታየው የተቀበረ ዕለት ቀብሩ ላይ አልተገኙም። በመንዝ ይህ የሚረሳ አይደለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ሰባት ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር እስኪቀረው ድረስ፣ አጥር ለአጥር እየኖሩ አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

ክላራ ከጋቢያቸው ላይ የደረቡትን ጥቁር በርኖስ ስታይ ዓይኗ በራ። አቶ ወዳጆ ወሬውን ከትሕትና ሰሙና፣ አመተሥላሴን ሳያዩ፣

«ለእኔ ታልቅስልኝ በያት» አሉ። «ስሞት አልሰማትም። ምን እንደምትል ማወቅ እፈልጋለሁ።»

«የሚባል ነገር ካገኘሁላቸው እላለሁ በያቸው» አለች አመተሥላሴ፣ እሷም ለትሕትና።

እምቢ ማለት ትችል ነበር። ነገር ግን እሷም ማወቅ ፈለገች፦ የሰባት ዓመቱን ነገር ፊታቸው ላይ ብታወጣው ሰውዬው ምን ይሆናሉ? አንድ ነገር ብቻ ከለከለች፤ ክላራ አልጋ ላይ ይጋደሙ ስትል፣ ያንንስ አላደርገውም፣ ይቀመጡ አለች። አቶ ወዳጆ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጋቢያቸውን እስከ ፊታቸው ተከናነቡ።

እንደ ደንቡ ከአባታቸው ጀመረች። ወደ እርሻቸው፣ ወደ ጥማድ በሬዎቻቸው አለፈች። ተቀባይ ስለሌላት ራሷ ተቀበለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

ለወንድሙ ቀብር እግሩ ያልደረሰ፣
ማን ይገኛል ለሱ እንባ ያፈሰሰ።

ከጋቢው ሥር «ደርሼ ነበር» የሚል ድምፅ መጣ።

አመተሥላሴ አቋረጠች። «ምን አሉ?» አለች። ቀጥታ ለእሳቸው ያለችው የመጀመሪያ ቃል ነው።

አቶ ወዳጆ ጋቢውን ከፊታቸው አወረዱ። የዚያን ጊዜ ራቤል ከተማ፣ ልጃቸው ዘንድ ነበሩ። መርዶው ሲደርሳቸው መኪና አጡ፤ በእግርም በጭነት መኪናም አድርገው፣ አስከሬኑ ከመቀበሩ በፊት ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው አፋፍ ደረሱ። ከዚያ ሁሉንም ያዩ ነበር።

«ድምፅሽን ሰማሁት» አሉ። «ያቺን ስትዪ።»

የትኛዋን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም።

ወንድም አለኝ ብሎ ሲመካ የኖረው፣
ብቻውን ሊወርድ ነው አፈሩ ሊጫነው።

ሰው ሁሉ የወደደላት ግጥም ነበረች። አመተሥላሴ ቀየት የሚባለው አገር ድረስ ለለቅሶ የተጠራችው በእሷ ነው። ለቀስተኛው በየአፉ ተቀብሏት ወደ ቤቱ ይዟት ሄዷል።

«ሕዝቡ እየዞረ ሲፈልገኝ አየሁ። ከአፋፉ አልወረድኩም።»

«ታዲያ ለምን አይወርዱም ነበር?»

«ምን ብዬ? ግጥምሽ እኮ ያምር ነበር። ሰው እያለቀሰልሽ፣ መጣሁ ብዬ ላፍርስብሽ?»

 አመተሥላሴ ያን ግጥም ስንት ጊዜ ለራሷ እንዳለችው፣ ስንት ጊዜ እንደኮራችበት አሰበች። ስታወርደው ሰውዬው አፋፉ ላይ ቆመው ነበር። ቀና ብላ ብታይ ኖሮ ታያቸው ነበር።

ክላራ ሽማግሌው ምን እንዳሉ ጠየቀች። ትሕትና አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠርጋ፣ የቤተሰብ ነገር ነው አለቻት። ክላራ ሙሾው እጅግ እንደማረካት ነገረቻት፤ ከዚያ አንዴ እንዲደገም ጠየቀች፣ ሽማግሌው መሐል ገብተው ስለተናገሩ ድምፁ ተበላሽቷል ብላ። ትሕትና ይህን ሳትወድ ወደ አማርኛ መለሰችው።

«አልቋል በያት» አለች አመተሥላሴ። ጃኬቷን ለበሰች። ወደ በርጩማው ሄዳ ዋርሳዋን በክንዳቸው ይዛ አስነሣቻቸው።

«ይግቡ» አለቻቸው። «ብርድ ነው።»

ቪዲዮው ታኅሣሥ ላይ ወጣ፤ ትሕትና በስልኳ አሳየቻቸው። ሙሾው አለ፣ የአቶ ወዳጆ ንግግር ግን ተቆርጦ ቀርቷል። ጥር አሥራ ስምንት ቀን የይታየው የሰባት ዓመት ተዝካር ሲሆን፣ አቶ ወዳጆ ከቀሳውስቱ ቀድመው መጡ።